የአንድ ክንድ ርቀት

ፊሽካው በከንፈሮቿ መካከል ነበር፤ የምትነፋበት ትንፋሽ ግን አጣች።

ቤዛዊት በባቡሩ ጭራ ካለው የተቆጣጣሪ መቀመጫ ሳትነሣ፣ ከፊቷ ያለው ፉርጎ በጎኑ ተጋድሞ አየችው። ዓይኗን ጨፍና ከመግለጧ በፊት በሐዲዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ፉርጎ ነው። አሁን ትንንሾቹ የብረት መንኮራኩሮቹ አየር ላይ ሆነው፣ የተፈጠረውን ያልሰሙ ይመስል፣ አሁንም ይዞራሉ። ሣሩ ላይ ነጭ ልብስ ተበትኗል። ከነጩ ልብስ ራቅ ብሎ አንድ ጥቁር ጫማ፣ ሰው አውልቆ እንዳስቀመጠው ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ማንም አልጮኸም። በኋላ ስታስታውሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስበረግጋት ያ ጸጥታ ነበር፤ የወንዙ ድምፅ ሳይቀር የተሰማበት ጸጥታ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው የአምስት ዓመቱ ቴዎድሮስ ነው። በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ከራሱ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የሐዲዱን አፈር ለመደገፍ የተደረደሩት ሹል ድንጋዮች ይጀምራሉ። ብድግ ብሎ ሣሩን ከጉልበቱ አራገፈና «አጌን!» አለ በደስታ። «እንደገና እንሂድ!»

የሳቀለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ የወይዘሮ የወይንሐረግ ድምፅ ተሰማ። ቀኝ እጃቸው መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል፤ ቁርጭምጭሚታቸው በፉርጎው ጠርዝ ሥር ነው። «ልጆች» አሉ፣ ሰው እንዳይረብሹ የፈሩ በሚመስል ዝግ ያለ ድምፅ፣ «እባካችሁ ቀሚሴን ሸፍኑልኝ።»

ቤዛዊት ልትሄድላቸው ፈለገች፤ ከመቀመጫዋ ግን አልተነሣችም። በእጇ አረንጓዴውን ባንዲራ እንደጨበጠች ነበር። ሾፌሩ ጋሽ መንገሻ ሞተሩን አጥፍተው ከፊት በኩል እየሮጡ መጡ፤ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ሲሮጡ አይታቸው አታውቅም። ተንበረከኩ፤ ጃኬታቸውን አውልቀው በወይዘሮዋ እግሮች ላይ ጣሉ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ከመጡ ሁለት አባቶች ጋር ሆነው ፉርጎውን አነሡ። አምቡላንስ የጠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ከወይዘሮዋ በቀር የተጎዳ አልነበረም። ያን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው ቤዛዊትን አዩዋት። ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ባንዲራው አወረዱ።

ባቡሩ ትንሽ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ፉርጎዎቹም ከጉልበት ከፍ አይሉም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወጣ ብሎ በወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ፣ ባቡር የሚወዱ ጡረተኞች በክበብ ተሰባስበው በገዛ እጃቸው ሠርተውታል፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድም ሰው ያሳፍሩበታል። ጋሽ መንገሻ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ ክበቡን ተቀላቀሉ። የአውቶቡስ ልማድ አልለቅ ብሏቸው በሞተሩ ጎን ትንሽ መስተዋት አስረዋል፤ የክበቡ ሰዎች ይስቁባቸዋል። ቤዛዊትንና ጓደኛዋን ፀዲንም ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው፤ ከሃይ ስኩል ለመመረቅ የሚጠየቀውን የበጎ ፈቃድ ሰዓት እንዲያሟሉ። ፀዲ በሩ ላይ ወረፋ ታስይዛለች። ቤዛዊት ተቆጣጣሪ ናት።

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ስለሚያደርግ ከኋላው ያለው ሰው ኃላፊነቱ የተቆጣጣሪው ነው። መንገደኞች ሲሳፈሩ ቤዛዊት በአጠገባቸው እያለፈች አቀማመጣቸውን ታያለች፤ ሁሉም በአግባቡ ከተቀመጡ አረንጓዴውን ባንዲራ ታወዛውዛለች፤ ያለ ባንዲራው ባቡሩ አይነቃነቅም። የተፈቀደውም አቀማመጥ አንድ ብቻ ነው። ፉርጎው እንደ ረጅም አግዳሚ ስለሆነ፣ ሰው አንድ እግሩን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጎ ፊቱን ወደፊት ይመልሳል። በጎን የተቀመጠ ሰው ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ይጥላል፤ ያን ያህል የጠበበ ሐዲድ ደግሞ ይህን አይችልም።

ቤዛዊት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። «አንድ እግር በዚህ፣ አንድ እግር በዚያ» የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ በእንግሊዝኛ ትናገረዋለች። ለአያቶች ብላዋለች፤ የደንብ ልብስ ለለበሰ ፖሊስም ብላዋለች። አንድም ቀን አፍራ አታውቅም።

ያን እሑድ ግን ከቅዳሴ የወጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ሆነው፣ ሁለቱንም እግሮቻቸውን በግራ በኩል አድርገው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ በጨዋ ደንብ ተቀመጡ። ቤዛዊት አጠገባቸው ቆማ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ፈለገችው። ከእናቷ በዕድሜ ለሚበልጡ፣ ገና ከቤተ ክርስቲያን ለመጡ ሴት፣ ወንዶች በሚሰሙበት፣ በአንቱታ፣ እግርዎን… ቃሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ሳያልቅ ፊቷ ጋለ። ስለዚህ ክንዳቸውን ደግፋ አመቻቸቻቸው። እስኪደላደሉ ቦርሳቸውን ያዘችላቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ ከአቧራው ሰብስባ ጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ባንዲራውን አወዛወዘች።

ደግሞም የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ በአንደኛው ዙር፣ ሌሎች ሁለት እናቶች እንዲሁ ተቀምጠው፣ በወንዙ ዳር ካለው ኩርባ ሲደርሱ፣ አንደኛው መንኮራኩር ሁለት ጣት ያህል ከሐዲዱ ተነሥቶ «ካክ» ብሎ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች። በጣቢያው ምሰሶ ላይ ቢጫ ደብተር ተንጠልጥሏል። ለጥቂት ያመለጠ ነገርም ቢሆን እዚያ ይጻፋል፤ ከተጻፈ ሐዲዱ እስኪመረመር ባቡሩ ይቆማል። ወረፋው እስከ መኪና ማቆሚያው ደርሶ ነበር። ቤዛዊት ደብተሩን አየችው። ጠጠር ይሆናል አለች ለራሷ።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ዶሪስ በሐዲዱ መግቢያ ላይ ሰንሰለት ዘርግታ ቆለፈች። የክበቡ የደኅንነት ኃላፊ ናት፤ ከሰባ ዓመት ያለፋት፣ ነጭ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የቀድሞ ነርስ። የወደቀውን ፉርጎ ማንም እንዳይነካው አዘዘች፤ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣችው። ከዚያ ቤዛዊትን አጠገቧ አስቀምጣ ውሃ ሰጠቻትና በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ሲሳፈሩ እንዴት ነበር የተቀመጡት?»

«አላየሁም» አለች ቤዛዊት። ቃሉ ሳታስበው አመለጣት፤ ካመለጣት በኋላ ግን ደገፈችው። «ፊት ካሉት ልጆች ጋር ነበርኩ።»

«እኔም ሳያት ፊት ነበረች» አለች ፀዲ ከጀርባቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዶሪስ ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከተቻቸው። አልተቆጣችም። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ገጽ ፎርም ሰጠቻቸው። «እስከ ቅዳሜ ሞልታችሁ ታመጡልኛላችሁ። የጥፋተኛ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። በሐምሌ ሐዲዱን ስንከፍት ምን እንደምናስተካክል የምናውቀው ከዚህ ነው።»

ወደ መኪና ማቆሚያው ሲሄዱ ፀዲ ክንዷን ያዘቻት። «ቤዚ፣ ሪላክስ በቃ። ፊትሽ እኮ ወረቀት መስሏል። አላየሁም በይ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ ጓደኛሽ ነኝ፣ ሞኝ!»

ረቡዕ እናቷ የዓለምዘርፍ ከሥራ ስትመለስ ብርቱካንና የማንጎ ጭማቂ ገዝታ ነበር። «ተነሺ፣ እትዬ የወይንሐረግን እንጠይቃቸው። እዚያው ባቡሩ ላይ ነበርሽ፤ ብትቀሪ ነውር ነው» አለች። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቆ እስከ አሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እናቷ በመንገዱ ላይ «አንቺ ግን ደህና ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ቤዛዊት «አይም ፋይን» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወይዘሮ የወይንሐረግ የሚኖሩት ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ከሲራክ ጋር ነው። ሶፋው ላይ ተጋድመዋል፤ ክንዳቸው በጀሶ ታስሯል፤ እግራቸው ከሁለት ትራሶች ላይ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ጠቁሯል። ቤዛዊት ይህን እንደምታይ ታውቅ ነበር፤ ሆኖም ስታየው በሩ ላይ ተተክላ ቀረች።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል? አልሞትኩም!» አሏት። «የዓለም፣ ምን ሆነ መሰለሽ? አገር ቤት ደውዬ ባቡር ጣለኝ አልኳቸዋ። እህቴ ስልኩን ጥላ እሪ አለች! ለቅሶ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸው። ኧረ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው ብልስ ማን ይስማኝ?»

እናቷ እስክታነባ ሳቀች። ቤዛዊትም ከንፈሯን ለማንቀሳቀስ ሞከረች።

«ደግሞ የሚገርምሽ» አሉ ወይዘሮዋ ትራሱን በጤናማው እጃቸው እያስተካከሉ፣ «እኔ እኮ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። በቅሎ ላይ ነው ያደግሁት፤ አንድ እግሬን ወዲያ አንዱን ወዲህ አድርጌ፣ እንደ ወንዶቹ። አባቴ ነው ያስተማረኝ። እዚያ ትንሽ ባቡር ላይ ግን እንዴት እንደሚቀመጡበት አላውቅ። እንዲህ አድርገሽ ተቀመጪ ያለኝ ሰው ቢኖር…» በግራ እጃቸው አየሩን ገፋ አድርገው ተዉት። «እግዜር ያመጣው ነው።»

ቤዛዊት እጇ ላይ ያለው የጭማቂ ብርጭቆ ቀዘቀዛት። በቅሎ። ያን ያህል ቀላል ነበር። እትዬ የወይንሐረግ አይቆጧትም ነበር፤ አያፍሩም ነበር፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ምናልባትም እየሳቁ፣ ዞረው ይቀመጡ ነበር። ሁለት ቃል ነበር የጎደላት። ወይዘሮዋ ሲናገሩ ወደ እሷ እንኳ አልተመለከቱም፤ የሰበራትም እሱ ነው።

«የማኅበራችን እናቶች እንዳይፈሩ ብቻ» ቀጠሉ። «በሐምሌ ባቡሩ ላይ ልንሳፈር አሥራ ሁለት ሆነን ተመዝግበናል። እኔ ዳር ተቀምጬ አጨበጭብላቸዋለሁ።»

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መንገሻ ነበሩ። ቆባቸውን አውልቀው፣ ፍራፍሬ የያዘ ፌስታል በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ተቀመጡ ቢባሉም ቆሙ። ቤዛዊት ሳታያቸው የቆየችው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ትከሻቸው ግን ዝቅ ብሏል። በየደቂቃው እጃቸው ወደ ሱሪያቸው ኪስ ይሄዳል፤ ባዶ ሆኖ ያገኙትና ይመልሱታል። የሞተሩ ቁልፍ የሚቀመጥበት ኪስ ነበር።

ሲራክ ከኩሽናው ወጣ። ቀኑን ሙሉ የያዘው ነገር እንዳለ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «ጋሽ መንገሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስንት ማይል እየነዱ ነበር?»

«ሲራክ!» አሉ እናቱ። «ሊጠይቁኝ የመጡ ሰው ናቸው።»

«እኔም መጠየቄ ነው፣ እማዬ። የስልሳ አራት ዓመት ሴት አጥንት ነው የተሰበረው። መጫወቻ ባቡር ዝም ብሎ አይገለበጥም።»

ጋሽ መንገሻ ፌስታሉን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «ልክ ነህ» አሉ። «ፈጥኜ ነበር። ኩርባው ላይ ማብረድ ነበረብኝ፤ አላበረድኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለክበቡም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ።» ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ቆዩ።

ብርጭቆው ከቤዛዊት እጅ ሊያመልጥ ሲል በሌላው እጇ ያዘችው። ውሸት ነው። ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዙ ሰምታለች። እንዲያውም ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ከሐዲዱ ጎን ባለው መንገድ በእግሯ እየሄደች፣ ከባቡሩ እኩል ነበረች፤ ሕፃኑ ለቴዎድሮስ እጁን ሲያወዛውዝ ትዝ ይላታል። ጋሽ መንገሻ በሕይወታቸው ፈጥነው አያውቁም። አዲስ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚነግሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ እንኳ እንዳልጫሩ ነበር።

ሲራክ ራሱ፣ የጠበቀው መልስ ይህ ያልሆነ ይመስል፣ መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ መንገሻ እጅ ነሥተው ወጡ። ቆባቸው ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«እኔ ልስጣቸው» አለች ቤዛዊት።

ሊፍቱ ጋ ደረሰችባቸው። ቆቡን ሰጠቻቸው፤ ተቀበሏት፤ አላጠለቁትም።

«ጋሽ መንገሻ፣ አልፈጠኑም።»

«ዝም በይ፣ የኔ ልጅ።»

«ፍሬን ሲይዙ ሰምቻለሁ። ለምን እንዲህ አሉ?»

የሊፍቱ በር ተከፈተ። ገብተው በሩን በእጃቸው ያዙት። «መስተዋት አለኝ እኮ» አሉ በለሆሳስ። «ደግፈሽ ስታስቀምጪያቸው አይቻለሁ። አቀማመጣቸውንም አይቻለሁ። ወርጄ ልናገር አልኩና፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በሰው ፊት ምን ብዬ እጀምራለሁ አልኩ። ባንዲራሽን ሳይ ደግሞ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። አየሽ? የኔ ከአንቺ ይብሳል። ይህን ለዶሪስ በምን ቋንቋ ልጻፈው? ፍጥነት ብዬ ብጽፍ ሁሉም ይገባዋል።» በሩ ሊዘጋ ሞከረ፤ በክንዳቸው መለሱት። «አንቺ ገና ትምህርት ቤት ነሽ። ሰዓትሽን ሊሰርዙብሽ ይችላሉ። እኔ ቁልፉን አስረክቤአለሁ፤ አልቋል።»

ቤዛዊት አመሰግናለሁ ማለት እንዳለባት ተሰማት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«የማኅበሩ እናቶችስ?»

«የትኞቹ?»

«በሐምሌ የሚመጡት። አሥራ ሁለቱ። ሌላ ሾፌር ይነዳቸዋል፤ ቀስ ብሎ ይነዳቸዋል…»

ጋሽ መንገሻ አዩዋት። በሩ እንደገና መጥቶ ክንዳቸውን ነካ፤ አልመለሱትም። «እኔም ቀስ ብዬ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል። ፊታቸው ላይ ያየችው ድንጋጤ እሑድ ዕለት፣ ከወደቀው ፉርጎ አጠገብ፣ አንገታቸውን አቅንተው ሲያዩዋት ያየችው ነው። ክንዳቸውን ሳቡት። በሩ ተዘጋ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ፎርሙን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ስልኳ ነዘረ፤ የፀዲ መልእክት ነው። ፎርሟን እንደሞላችና ቤዛዊት ፊት ነበረች ብላ እንደጻፈች ይላል። በመጨረሻው ላይ የፈገግታ ምልክት አለው።

ደወለችላት።

«ሰጥተሻታል?»

«ነገ ነው የምሰጣት። ምነው?»

«ቀይሪው፣ ፀዲ። እኔ እውነቱን ልጽፍ ነው።»

«ቆይ፣ ሲሪየስ ነሽ?» ከስልኩ ወዲያ የቴሌቪዥን ድምፅ ቀነሰ። «ጋሽ መንገሻ እኮ እኔ ነኝ ብለዋል፣ ቤዚ። ሁሉም ሰው ኦኬ ነው። ካንቺ በቀር ማንም እየጠየቀሽ አይደለም!»

«አንደኛው ዙር ላይም መንኮራኩሩ ተነሥቶ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።»

«እና እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው? ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ለዚህ ነው ዛሬ የደወልኩልሽ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ቤዛዊት ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። መልሳ የምትደውል ከሆነ ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ አልደወለችም። በመስኮቱ በኩል የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንገዱ ዳር ሲቆም፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ሲወርድ አየች። ሾፌሩ ልጁ በራፉ ውስጥ እስኪገባ አልተነቃነቀም።

እስክሪብቶውን አነሣች።

ምን እንዳየች ጻፈች። እንዴት ተቀምጠው እንደነበር ጻፈች። ባንዲራውን ያወዛወዘችው እሷ መሆኗን፣ ባቡሩም በእግር ከምትሄድ ሴት እኩል ይሄድ እንደነበር ጻፈች። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ምን ቢደረግ ይሻላል የሚል ጥያቄ ነበር። ብዙ አሰበችበት። ከዚያም ዶሪስ እንደማታነበው እያወቀች በአማርኛ ጻፈችው፤ ሲያስፈልግ ትተረጉምላታለች። ጻፈችና በባዶው ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«እትዬ፣ እባክዎ በቅሎ ላይ እንደሚቀመጡት አድርገው ይቀመጡልኝ።»

ፊቷ አልጋለም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መንገደኞቹ ሲሳፈሩ ከተጎዳው ሰው ምን ያህል ርቀት ላይ ነበርሽ? ከሥሩ አጭር መስመር ተሰምሮለታል፤ ለአንድ ቁጥር የሚበቃ። ቤዛዊት ቀኝ ክንዷን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ያለውን አየችው። ያን ዕለት የደገፈቻቸው በዚህ ክንድ ነው፤ ቦርሳቸውን የያዘችላቸውም በዚህ እጅ።

«አንድ ክንድ» ብላ ጻፈች።

ስሟን ፈረመች። ወረቀቱን ልታጥፈው ከጀመረች በኋላ ግን እንደገና ዘረጋችው፤ ገለበጠችው፤ ማንም ባልጠየቃት ባዶ ገጽ አናት ላይ «አንደኛው ዙር» ብላ መጻፍ ጀመረች።